ብልጭታው በሰከንድ ስንት ጊዜ ነው?

«ልጅሽ ሥራዋ ምንድን ነው?» ተብዬ ስጠየቅ ባጭሩ መልሼ አላውቅም። የጎረቤታችን ልጅ ባንክ ነው የምትሠራው፤ ጥያቄው እዚያው ያልቃል። እኔ ግን «የኢንተርኔት ገጽ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን ትሠራለች» ስል ጠያቂዬ «ፊልም ነው?» ይላል። ፊልም አይደለም። «ጌም ነዋ!» ጌምም አይደለም። አንድ ቀን እድር ላይ አንዲት እናት «በቃ ሲስተር፣ የልጆች ማጫወቻ ነገር ነው በይን» ብለው ገላገሉኝ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ቢሆነኝም ሰፈሩ ሲስተር ማለቱን አልተወም፤ እኔም ደስ ይለኛል።

የሥራዋን ምንነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስልካችሁ ላይ አንድ ገጽ ክፈቱ። እስኪከፈት የምትሽከረከር ትንሽ ክብ አለች። አንድ ቁልፍ ስትነኩ ውኃ ላይ ጠብታ እንደወደቀ ክብ ሠርቶ ይሰፋል። ገጹን ወደ ላይ ስትገፉ ፎቶው ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ክፍያችሁ ሲሳካ አረንጓዴ ምልክት እየተሳለ ይመጣል። እነዚህ በራሳቸው የበቀሉ አይደሉም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህ ከዚህ ተነስቶ እዚህ ይድረስ፤ በሰከንድ ሩብ ይድረስ፤ መጨረሻው ላይ ቀስ ይበል» ብሎ ያዘዘው ነው። ፊልም ተመልካቹን ሳይጠይቅ ይሄዳል። ይህ ግን ጣታችሁን ጠብቆ ለጣታችሁ መልስ ይሰጣል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ልጄ ወደዚህ ሥራ የገባችው በ1998 ዓ.ም. ኮሌጅ ሳለች ነው። ያኔ መሣሪያው ፍላሽ የሚባል ፕሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ፊውቸርስፕላሽ በሚል ስም ወጣ፤ ማክሮሚዲያ የተባለ ኩባንያ ገዛውና ፍላሽ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አዶቤ ማክሮሚዲያን ሲገዛ አብሮ ተጠቀለለ። እሷ ከፒያሳ በሲዲ ይዛው መጣች። ቤት ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው፤ መብራቱም መጣሁ ሄድኩ ይላል። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑ ላይ የምትነጥር አንዲት ኳስ ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና «ይቺ ኳስ መቼ ነው ጎል የምትገባው?» ያላት እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ እየተነሳ ያሳስቃል።

ኳሷ ግን ቀላል ነገር አልነበረችም። ያኔ ፍላሽ ሲከፈት የሚሰጠው ልክ በሰከንድ 12 ሥዕል ነበር። አምስት ሰከንድ ለምትቆይ ኳስ 60 ሥዕል ማለት ነው። ያን ሁሉ በእጅ መሣል ዕድሜ ይጨርሳል። በቀድሞዎቹ የካርቱን ስቱዲዮዎች ዋናው ሠዓሊ መነሻውንና መድረሻውን ይሥልና በመሃል ያሉትን ረዳቶቹ ይሞሏቸው ነበር። ኮምፒውተሩ የተረከበው የረዳቶቹን ሥራ ነው። ኳሷን መሬት ላይ አንድ ጊዜ፣ አየር ላይ አንድ ጊዜ ታስቀምጪያለሽ፤ በመሃል ያለውን እሱ ይሞላዋል።

ችግሩ የሚሞላው እኩል በእኩል አድርጎ መሆኑ ነው። ልጄ ይህን ስታስረዳኝ ያመጣችው ምሳሌ የታክሲ ነው። «እማዬ፣ ጥሩ ሹፌር ቀስ ብሎ ይነሳል፣ መሃል መንገድ ላይ ይፈጥናል፣ ፌርማታ ሲቃረብ ቀስ ብሎ ይቆማል። መጥፎው ሹፌር ድንገት ይፈነጠራል፣ ድንገት ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ወደፊት ይወድቃል። ስክሪን ላይ ያለ ነገርም እንደዚያ ነው።» እኩል ፍጥነት ይዞ የሚሄድ ነገር ዓይናችን የሞተ አድርጎ ያየዋል፤ በተፈጥሮ እንደዚያ የሚሄድ ነገር እምብዛም የለምና። ሮበርት ፔነር የሚባል የፍላሽ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ ለዚህ የሚሆኑ የሂሳብ ቀመሮችን ጽፎ ማንም እንዲጠቀምባቸው ለቀቃቸው። ቀስ ብሎ መነሳት፣ ቀስ ብሎ መቆም፣ አልፎ ሄዶ መመለስ፣ እንደ ላስቲክ መንቀጥቀጥ፣ እንደ ኳስ መንጠር፤ ለእያንዳንዱ ቀመር አለው። እነዚያ ቀመሮች በኋላ ከፍላሽ ወጥተው በብዙ ሌሎች መሣሪያዎች ውስጥ ገብተዋል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ የደከመበትን ሌላው በአንድ መስመር ይጠራዋል።

እኔ ይህ ነገር የገባኝ በራሴ ሙያ ነው። ወጣት ነርስ ሆኜ ስሠራ የሌሊት ተረኛ ከመግባታችን በፊት ቀን ላይ ድሬሲንግ ሴት እናዘጋጅ ነበር። ፎርሴፕሱ፣ መቀሱ፣ ጎዙ፣ ትንሿ ሳህን በጨርቅ ይጠቀለላል፤ አውቶክሌቭ ገብቶ በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ቀኑ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የተጎዳ ሰው ሲመጣ መቀስ ፍለጋ አይሮጥም። ጥቅሉ ይፈታል፣ ሥራ ይጀመራል። የልጄም መሣሪያ እንዲሁ ነው። ዛሬ የደከመችበትን ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ ነገ ሌላ ደንበኛ ሲመጣ ፈታ ትጠቀምበታለች።

አንዱን ላሳያችሁ። ባሕር ማዶ ላሉ ኢትዮጵያውያን የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ገጽ ሥሪ ተባለች። የፈለጉት ገጹ ሲከፈት አደይ አበባ ከላይ እየረገፈ እንዲወርድ፣ ሰው በጣቱ ሲነካው ደግሞ ነፋስ እንደመታው እንዲበተን ነው። እሷ የሣለችው አንዲት አበባ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለኮምፒውተሩ የጻፈችለት ትእዛዝ ይህን ይመስላል፦ ይህችን አበባ 150 አድርጋት፤ መጠናቸውን አለያይ፤ ትንንሾቹን ፈዘዝና ዘገም አድርጋቸው፣ ሩቅ ያሉ እንዲመስሉ፤ ሁሉም በየራሳቸው ይሽከርከሩ፤ ታች ሲደርሱ መልሰህ ከላይ ጀምራቸው፤ ጣት ሲጠጋ ሽሽ በላቸው። ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። በዓመቱ ለሌላ ደንበኛ የሠርግ ጽጌረዳ ስታወርድ ግን አበባዋን ቀይራ፣ ቁጥሮቹን ነካክታ፣ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይቀዳ ጨረሰች። ዝናብ፣ በረዶ፣ ብናኝ፣ ጭስ፣ የሻማ ነበልባል፣ የመብረቅ ብልጭታ... እያለች ባለፉት ዓመታት አርባ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ጥቅሎች አዘጋጅታለች።

በነገራችን ላይ የመሞከሪያው ስልክ የኔ ነው። የሷ ስልክ ፈጣን ስለሆነ ሁሉን ነገር አሳምሮ ያሳያል። ለስላሳ እንቅስቃሴ በአብዛኛው ስልክ ላይ በሰከንድ 60 ሥዕል ይፈልጋል፤ ለአንዱ ሥዕል ከሰከንድ ስድሳኛ አንድ እጅ ብቻ ይደርሰዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልደረሰ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። የኔ አሮጌ ስልክ ላይ ካልተንቀጠቀጠ የትም አይንቀጠቀጥም ትላለች። ሁለተኛው ነገር የዳታ ጉዳይ ነው። ያን የአበባ ዝናብ ቪዲዮ ብታደርገው የሰው ጥቅል ይበላል፤ በትእዛዝ መልክ ሲላክ ግን አንዲት አበባና ጥቂት ገጽ ጽሑፍ ነው የሚጓዘው። ጥቅሉን በሳንቲም ለሚቆጥር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መሣሪያ መሞቱም አይቀርም። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2010 አይፎን ላይ ፍላሽ ለምን እንደማይገባ በግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ አዶቤ ራሱ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ድጋፉን አቆመ፤ በጥር 12 ቀን 2021 ደግሞ ፍላሽ ማጫወቻው ላይ የሚከፈተውን ሁሉ ዘጋ። ልጄ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራቻቸው ገጾች ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኑ። ራፍል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አንዳንዶቹን መልሶ ያስነሳል። የቀሩትን ከባዶ በጃቫስክሪፕት ጻፈቻቸው። አባቷ የቀለደባት ኳስም ከተነሱት አንዷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የወንዱ ልጄ ልጅ ያን ጊዜ አሥር ዓመቱ ነበር። የዘመድ ሠርግ ላይ ነን። አዳራሹ መብራቱን አጥፍቶ ሙሽሮቹ ሲገቡ ብልጭ ድርግም የሚለውን የዲስኮ መብራት ለቀቀው። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወደቀና መንፈራገጥ ጀመረ። በአንድ አፍታ አንዱ ክብሪት እየጫረ መጣ፣ ሌላው ማንኪያ ይዞ መጣ፣ ሦስተኛው እጁንና እግሩን አጥብቆ ሊይዝ አጎነበሰ። ሁሉንም መለስኳቸው። ነጠላዬን ከራሱ ሥር አደረግኩ፤ የሸሚዙን አንገት ፈታሁ፤ በጎኑ አስተኛሁት፤ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ቆየ። ለኔ የሌሊት ተራ ያህል ነበር።

ይህን ለአያቶች በተለይ እናገራለሁ፤ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከልጅ ጋር የምንውለው እኛ ነንና። የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው አፍ ውስጥ ምንም ነገር አይገባም። ክብሪት አይሸተትም። ተጭኖ አይያዝም። የሚያቆስለው ነገር ከአጠገቡ ይነሳል፣ በጎኑ ይተኛል፣ ሰዓት ይያዛል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው በፍጥነት ወደ ሕክምና ነው።

ሐኪሙ የአንጎል ምርመራ፣ እኛ ኢኢጂ የምንለውን አዘዘ። በዚያ ምርመራ ውስጥ ታማሚው ፊት የሚብለጨለጭ መብራት እያፈጠኑና እያዘገዩ ያሳዩታል። የልጃችን አንጎል ለብልጭታ እንደሚነሳ ታየ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከመቶ ሦስት ገደማ የሚሆኑት እንዲህ ናቸው፤ በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ይበዛል። መድኃኒት ጀመረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው።

ቤተሰቡ ግን ደህና አልሆነም። ወንዱ ልጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ ታብሌቱን ቆለፈ፣ ልጁ ወደ አክስቱ ቤት እንዳይሄድ ከለከለ። ልጁ ደግሞ አክስቱን እንደ ነፍሱ ይወዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቧ ተቀምጦ ቀለም ይመርጥላታል። እህቱን በስልክ «ያንቺ ሥራ አይደል እንዴ ይኼ የሚብለጨለጨው?» አላት። እሷ አልመለሰችለትም። ስልኩን ዘጋችና ወደ ጥቅሎቿ ሄደች።

እሷ ያነበበችውን እኔም አብሬ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 16 ቀን 1997 ጃፓን ውስጥ ፖኬሞን የሚባለው የልጆች ካርቱን አንድ ክፍል ተላለፈ። አንድ ፍንዳታ ለማሳየት ቀይና ሰማያዊ ቀለም ሙሉ ስክሪኑን እየተፈራረቀ በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ለጥቂት ሰከንድ አብለጨለጨው። የዚያን ምሽት 685 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሐኪም ቤት ገቡ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ ጥሏቸው አያውቅም። ፕሮግራሙ ለአራት ወር ከአየር ወረደ። ያን ብልጭታ የሠራው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ፍንዳታ እንዲመስል ነው ያሰበው። ልጄ «የመብረቅ ብልጭታ» ብላ የጠቀለለችውም እንዲሁ መብረቅ እንዲመስል ነበር።

ለኢንተርኔት ገጾች የተጻፈው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ ማንኛውም ነገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ አይብለጭለጭ ይላል። ሦስት በሰከንድ በደቂቃ 180 ነው። እኔ ሕይወቴን ሙሉ የልብ ምት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ልብ እንኳ በጤናው በደቂቃ ከ120 እስከ 160 ነው የሚመታው። 180 ለኔ ሐኪም የሚያስጠራ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሦስት ሲሉኝ ትንሽ አልመሰለኝም። በአብዛኛው የሚያስነሳው በሰከንድ ከ15 እስከ 25 ጊዜ አካባቢ ያለው ብልጭታ ነው። የብልጭታው ስፋት ሲጨምር፣ ቀለሙ ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ ክፍሉ ሲጨልም ይብሳል።

ልጄ አርባዎቹን ጥቅሎች አንድ በአንድ ፈታች። አራቱ ከልክ በላይ ያብለጨልጫሉ። እዚህ ላይ ነው የድሬሲንግ ሴቱ ነገር ትዝ ያለኝ። ጊዜ የሚቆጥብ ነገር ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፤ ሲታሸግ የጎደለበት ነገር ካለ በየጥቅሉ ይጎድላል። አንድ ቀን አውቶክሌቩ በቂ ሙቀት ካልደረሰ የሚበላሸው የዚያን ቀን የታሸገው ሁሉ ነው፤ ሌሊት የሚፈታው ሰው ደግሞ ንጹሕ ነው ብሎ አምኖ ነው የሚፈታው። የልጄን ጥቅሎች ገዝተው ገጻቸው ላይ የተከሉ 17 ደንበኞች አሉ። መብረቁን ቤቷ ብታስተካክለው የነሱ አይስተካከልም፤ የያዙት የቀድሞውን ግልባጭ ነው።

መጀመሪያ ልኩን አሰረችው። መመሪያው ሦስት ይላል፤ እሷ ሁለት ላይ ቆረጠችው። ጥቅሉን የሚጠቀም ሰው ቁጥሩን ሃያ ብሎ ቢጽፍም ከሁለት አያልፍም። ነበልባሉንም ከሥሩ ቀየረችው። ቀድሞ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ በማድረግ ነበር እሳት የምታስመስለው፤ አሁን ብርሃኑ እንዳለ ይቆይና ቅርጹ ይወዛወዛል። የሻማ ነበልባል በእርግጥም እንደዚያ ነው፤ ይወዛወዛል እንጂ አይጠፋም አይበራም።

ሌላም ጨመረች፤ ይኸኛው የኔን ጥቅም የሚነካ ነው። እኔ የጆሮ ሚዛን ችግር አለብኝ፤ አልጋ ላይ በፍጥነት ከዞርኩ ቤቱ አብሮኝ ይዞራል። አንዳንድ ገጽ ላይ ጽሑፉ በአንድ ፍጥነት፣ ከኋላው ያለው ሥዕል በሌላ ፍጥነት ሲሄድ ሆዴ ይገለበጣል። አንጎል ዓይን «እየሄድን ነው» ሲለው ጆሮ «ቆመናል» ስለሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አይፎን አዲሱን አሠራሩን ሲያወጣ ብዙ ሰዎች በዚሁ ምክንያት አዞረን ብለው ነበር። ስለዚህ ስልኮች ውስጥ እንቅስቃሴ መቀነሻ አለ። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ አክሰሰቢሊቲ፣ ሞሽን ብላችሁ ሪዱስ ሞሽን የሚለውን ማብራት ነው። በአብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ ላይ አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ሪሙቭ አኒሜሽንስ የሚል ታገኛላችሁ። ከ2017 ወዲህ ደግሞ የኢንተርኔት ገጾች ራሳቸው ይህን ምርጫችሁን ማንበብ ይችላሉ፤ ሠሪው እንዲያነቡ ከጻፈላቸው ብቻ ነው። ልጄ በአርባዎቹ ላይ ሁሉ ጻፈችው። የኔ ስልክ ላይ አሁን አደይ አበባው አይረግፍም፤ ገጹ ላይ ተበትኖ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ያምራል።

ከዚያ ለ17ቱ ደንበኞች ጻፈች። ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደሚቀይሩ፣ ራሷ በነፃ እንደምታስተካክልላቸው። ከወንድሟ ጋር ገና አልታረቀችም፤ የደብዳቤውን ግልባጭ ግን ላከችለት። እሱም አንብቦ ለኔ ደወለ። «እማዬ፣ ሐኪሙ በትክክል ምንድን ነው የከለከለው?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ወር ሙሉ ስጠብቀው ነበር። ወረቀቱን አብረን አየን። ስክሪን በሙሉ አልተከለከለም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ማየት፣ ስክሪን ላይ መለጠፍ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መድኃኒት መዝለል፤ ከነዚህ ይጠበቅ ነው የሚለው። ድንገት ብልጭታ ከገጠመው ደግሞ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ፊቱን ማዞር አለበት። ሁለቱንም መጨፈን አይበቃም፤ ብርሃኑ በቆዳው ያልፋል። ልጁ ይህን በአንድ ቀን ተማረ። ቅዳሜም ተመለሰለት፤ መብራት በርቶ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መኝታው።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎን ነበር። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ባሕር ማዶ ያለ አንድ የዝግጅት አዘጋጅ የመስቀል ገጽ አዘዛት። ጥሩ ክፍያ ነው፤ የሁለት ወር ገቢዋ ማለት ነው። ሐሳቡም ደስ ይላል፤ ሰው ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሲያስጠጋ ችቦው ይጠጋል፣ ደመራው ይያያዛል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሲያያዝ ስክሪኑ በሙሉ ቀይና ነጭ እየተፈራረቀ ከከበሮው ጋር እንዲመታ ፈለጉ፤ እንደ ኮንሰርት። እሷ የሚወዛወዘውን ነበልባል ላከችላቸው። «ፈዛዛ ነው» አሉ። ምክንያቱን ጻፈችላቸው። «የኛ ታዳሚ በአብዛኛው ወጣት ነው፤ የሚጎዳው የለም» ብለው መለሱ። ይህን ስታነብልኝ ዝም አልኩ፤ ወጣት መሆናቸው እኮ ነው ነገሩ። ሦስት ሳምንት ተጻጻፉ። መጨረሻ ላይ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ብሩ ቀልድ አልነበረም። የቤት ኪራይ አለባት፤ ልጆቿም የትምህርት ቤት ክፍያቸው መስከረም ላይ ነው። አንድ የሙያ ጓደኛዋ «አንቺ ባትሠሪው ሌላ ይሠራዋል፤ ተሠርቶም አይቀርም» አላት። ልክ ነው፤ ተሠርቶ አልቀረም። መስቀል ሰሞን ገጹን ከፈትኩት፤ ልጁ ሌላ ክፍል ነበር፣ በሩን ዘግቼ። ሰዓቴን ይዤ ልቆጥር ሞከርኩ። አልተቆጠረም። እኔ የማልቆጥረው የልብ ምት ሞኒተር የሚፈልግ ነው።

የዚያን ዓመት የጠበበባትን ቀዳዳ በከፊል እኔ በጡረታዬ ደፈንኩ፤ በከፊል ደግሞ ወንድሟ። ያለ ወለድ ነው ብሎ ቀልዶባታል።

ከ17ቱ ደንበኞች 11ዱ መልሰው አስተካክለዋል። ስድስቱ ዝም አሉ። በየወሩ መጀመሪያ ደግማ ትጽፍላቸዋለች፤ እኔ ክትባት ያልጨረሱ ሕፃናትን ዝርዝር ይዤ በየቤቱ የምሄደውን ያስታውሰኛል። ባለፈው ሳምንት አንዱ «ገጹን የሚያውቅ ሠራተኛችን ለቅቋል፤ እንዴት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም» ብሎ መልሷል። መልስ ነው።

ያልተፈለገው ደመራ አልተጣለም። ልጄ ለኛ ለቤተሰቡ ላከችው። የልጅ ልጄ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የችቦውን ጭስ እሱ ነው የሠራው፣ ከአክስቱ ጥቅል ወስዶ ቁጥሮቹን እየነካካ። ሳሎን ውስጥ መብራቱን አብርቶ፣ ከኔ ስልክ ላይ ክንድ ያህል ርቆ ጣቱን አስጠጋ። ችቦው ሄደ፣ ደመራው ቀስ ብሎ ተያያዘ፣ ነበልባሉ ወደ ጎን ተወዛወዘ። ጭሱ ጋ ሲደርስ ተንቀጠቀጠ።

«አክስቴ፣ የአያቴ ስልክ ላይ ይንቀጠቀጣል!» ብሎ ደወለላት።

«ስንት ጭስ አድርገህ ነው?»

«ሦስት መቶ።»

«ሰማንያ አድርገው» አለችው።